የእትዬ ትራንሲቶ አሥራ ሁለት ቃላት

ላስ ኮንቻስ፣ ማርች 4

ለክርስትና እናቴ ለእማማ ኤርሲሊያ፣

የሳንታ አና ብርድ ለጉልበትዎ ራርቶ፣ ደረጃውን ያለ ከዘራ መውጣት ጀምረው እንደሆነ ብሰማ ደስ ይለኛል። እኔ ደህና ነኝ። ስልክ የማላነሳው አኩርፌ አይደለም። ስልኬ በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ አቃቤ ሕግ ዘንድ ነው። ይህን የሚያደርስልዎ የአውቶቡሱ ሾፌር ሜልቪን ነው፤ ትናንት ደብዳቤ አድርስልኝ ብዬው ነበር።

«ደብዳቤ? በዚህ ዘመን? ፍቅረኛ ያዝሽ ወይስ ፖሊስ ያዘሽ?» አለኝ።

«ፖሊስ።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ዋጠው።

ለጠየቁኝ በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ ቤታችን ላይ ድንጋይ የወረወረ የለም፤ እሱ የአውቶቡስ ወሬ ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ ከፊርማዎ በታች፣ ረስተውት ኋላ ትዝ እንዳለዎት ነገር አድርገው ነው የጻፉት። አልወሰድኩም። ሁለተኛ እንዳይጠይቁኝ።

ሬዲዮው ግማሹን ነው የተናገረው። እትዬ ትራንሲቶን ያውቋቸዋል። እርስዎ እዚህ ሲያስተምሩ ትምህርት ቤቱ በር ላይ በረዶ እየፋቁ፣ ሽሮፕ እያፈሰሱ የሚሸጡት፤ ሰው ሲሞት ደግሞ ዘጠኙን ቀን ጸሎት የሚመሩት። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሼ «ማዕበል» የሚባለው ድርጅት ውስጥ ስቀጠር ሥራዬ የባሕር ዳርቻውን ሻጮች ቢትኮይን እንዲቀበሉ ማሳመን ነበር። በእትዬ ትራንሲቶ ጀመርኩ። የባንክ ሒሳብ ሊከፍቱ ሄደው ጥበቃው እግራቸው ላይ ያለውን አሸዋ አይቶ ከበር ስለመለሳቸው ነው። ስልክ ግን እግር አያይም። ከእሳቸው በኋላ ሠላሳ ሰባት ሻጮች ተከተሉ። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ የወረቀት ዶላር ሳልነካ ኖሬያለሁ። ዓሣው፣ አይብ የተሞላው የፑፑሳ ቂጣ፣ የጸጉር ቆራጩ፣ የሜልቪን አውቶቡስ፣ ሁሉም በስልክ። ይቻላል ስል አሳይቼ ነው።

እትዬ ትራንሲቶ ከበረዶው ያገኙትን ለሁለት ዓመት ሳይነኩ አጠራቀሙ፤ ለዓይናቸው። ፌብሩዋሪ 18 ገንዘቡ ነበረ። በ20 ጠዋት አልነበረም።

በስልኩ ያለው የገንዘብ ቦርሳ የሚከፈተው በአሥራ ሁለት ቃላት ነው። ቃላቱን በትክክለኛው ተራ የያዘ ሰው ከየትም አገር ሆኖ ገንዘቡን ይወስዳል። ስንከፍት ከእሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ስለዚህ ሌባዋ ታወቀች።

ዳረን፣ የማዕበል አለቃ፣ ትናንት ጠርቶ ወረቀት ፊቴ አስቀመጠ። «ወስጃለሁ፣ ተጸጽቻለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ድርጅቱ ለእትዬ ትራንሲቶ ሙሉውን ይተካል፣ አቤቱታውንም ያነሳል። ካልፈረምኩ ፍርድ ቤት ነው፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ሁለት ዓመት ይፈጃል። የዓይን ሐኪሙ ቀጠሮ ማርች 27 ነው። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናው ከመጪው ክረምት ካለፈ ዋስትና አልሰጥም ብሏል።

«ሥርዓቱ አልተሰበረም። ሰው ነው የተሰበረው። ለጋሾቻችን ይህን መስማት አለባቸው» አለኝ ዳረን በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

«ማን እንደወሰደው ማወቅ አትፈልግም?»

«ዙልማ፣ ሁላችንም እናውቃለን እኮ።»

እስከ 21 ጊዜ ሰጥቶኛል። ጉልበትዎን በሞቀ ጨርቅ ይያዙት።

ልጅዎ ዙልማ


ሳንታ አና፣ ማርች 9

ለዙልማ፣

ጉልበቴ እንደ መንግሥት ነው፤ ቃል ይገባል፣ አይፈጽምም። ተይው።

ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ይቅር በዪኝ። አስተማሪ መልሱን ቢያውቅም ይጠይቃል፤ የአርባ ዓመት አመል ነው። አንቺ በስምንት ዓመትሽ ከጠረጴዛዬ ላይ ጠመኔ ሰርቀሽ በማግስቱ ሁለት አድርገሽ የመለስሽ ልጅ ነሽ። የት እንዳገኘሽው እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም።

በዚያ በማይሸት፣ በማይጨበጥ ገንዘብሽ ላይ የማስበውን ታውቂያለሽ። ሽታ የሌለው ነገር ሲበላሽ አይታወቅም ብዬሽ ነበር። አሁን ግን ይህን ለማለት ደስ አላለኝም።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከ18 ወደ 20 ዘለልሽ። ፌብሩዋሪ ውስጥ 19 የሚባል ቀን አለ። የት ነበርሽ? ትራንሲቶስ የት ነበረች?

እዚህ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር በሳምንት ሁለት ጊዜ ታስቆመኛለች። «ሒሳብ የምታስተምረው ልጅ በጁላይ ትመጣለች አይደል?» ትለኛለች። ትመጣለች እላታለሁ። ክፍልሽ ወደ ተራራው የሚያይ መስኮት አለው። ስለዚህ ያንን ወረቀት አትንኪ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ አንቺ ገና ከመቃብር በታች ምንም የለሽ፣ ስምሽ ብቻ ነው ያለሽ።

ሜልቪን ደብዳቤውን ሲሰጠኝ ምን አለኝ መሰለሽ? «እማማ፣ ልጅትዋ ቀጥናለች።» እበላለሁ ያልሽው ምኑን ነው?

ኤርሲሊያ


ላስ ኮንቻስ፣ ማርች 14

ለእማማ ኤርሲሊያ፣

በጤናዎ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አለኝ። ባቄላና የቶርቲያ ቂጣ ነው የምበላው። ያገኘሁትን ሳይሆን የፈለግሁትን ነው፤ ሌላ ነገር አያምረኝም።

ስለ 19 ልጻፍልዎት። ካነበቡ በኋላ ያቃጥሉት አልልም፤ የሚያቃጥሉ ሰው አይደሉም። ለማንም እንዳይነግሩ ብቻ እለምንዎታለሁ።

የእትዬ ትራንሲቶ የወንድም ልጅ ኔሪዮን በፌብሩዋሪ ሁለተኛ ሳምንት ባሕር በላው። 19 ዘጠነኛው ቀኑ ነበር። እትዬ ትራንሲቶ ዘጠኙንም ቀን ጸሎቱን ራሳቸው መሩ፤ ለገዛ ሥጋቸው። ሌላ ሰው ይምራ ብንላቸው «ለእናንተ ሬሳ ስጮህ የኖርኩት ለኔው ዝም ልል ነው?» አሉ። እንቅልፍ አልነበራቸውም፤ ድምፃቸው ተሰንጥቋል። ከሰዓት ላይ ግቢው ሞልቶ ነበር። ዘመዶች፣ ዓሣ አስጋሪዎች፣ ኔሪዮ በጀልባው ያመላልሳቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ኮፍያቸውን አውልቀው አጥር ሥር ቆመዋል። አንዱ የአጎት ልጅ በስልኩ ይቀርጻል፤ ባሕር ማዶ ላሉት ዘመዶች በቀጥታ ይታያል።

የድንግልን ስሞች መጥራት ጀመሩ። «የንጋት ኮከብ።» እኛ «ለምኚልን።» «የሰማይ ደጅ።» «ለምኚልን።» «የሕሙማን ጤና።» «ለምኚልን።» ከዚያ በዚያው ዜማ፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ፦

«መሰላል።»

«ለምኚልን።»

«ሎሚ።»

«ለምኚልን።»

«ትከሻ።»

«ለምኚልን።»

ማንም አልሳቀም። የጥንት ጸሎት መስሏቸዋል። እኔም ሦስቴ ከሕዝቡ ጋር «ለምኚልን» ብያለሁ። በአራተኛው ቃል ነው የነቃሁት። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ በተራው፣ አንድም ሳይስቱ ጠሩት። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ አሜን።

ቃላቱን እንደ ጸሎት ጠዋትና ማታ ይድገሙ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀትን እዚህ ጨዋማው አየር ይበላዋል፤ ቢጻፍም ዓይናቸው አያነብም። ስለዚህ ከጸሎታቸው መጨረሻ ላይ ቀጠሉት። ሁለት ዓመት በልባቸው እያሉት፣ በዚያ ቀን ልብና አፋቸው ተቀላቀለባቸው። ጮክ ብለው እንዳሉት እስከ ዛሬ አያውቁም።

በቅጠል የተጠቀለለው ታማሌ መታደል ሲጀመር ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገንዘቡን ወደ ሌላ ቦርሳ ለማዛወር አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

«እትዬ፣ ስለ ቦርሳው አንድ ነገር—»

«ዙልማ! የሟች ቤት ነው። እዚህ ስለ ገንዘብ ያወራ ሟቹን ሸጠው ማለት ነው። ማን ነው ያሳደገሽ? ነገ ነይ።»

ሰዎች ዞረው አዩኝ። አፈርኩ። ታማሌዬን በላሁ። አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ ይሉኝታ ይዞኝ ታማሌ በላሁ። በማግስቱ በማለዳ ስሄድ ባዶ ነበር። ከግቢው ሰው ይሁን፣ ምስሉን በሩቅ ካየ ሰው፣ መቼም አይታወቅም።

አሁን ለምን አልናገርም ይሉኛል። ማዕበል አንድ ደንብ አለው፦ ቃላቱን ለሌላ ያሰማ ሰው ምትክ አይሰጠውም። ደንቡን ተርጉሜ ለሻጮቹ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ የተከራከርኩለትም እኔ ነኝ፤ ያለዚያ ሰው ይዘናጋል ብዬ። እውነቱን ከተናገርኩ ስሜ ይነጻል፣ እትዬ ትራንሲቶ ይታወራሉ። ከዋሸሁ ያያሉ። ሌላ በር ፈልጌ አጣሁ። እርስዎ ካዩ ይጻፉልኝ።

መናደድ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ስፈልገው አላገኘሁትም።

ዙልማ


ሳንታ አና፣ ማርች 18

ዙልማ፣

ሰላምታውን ዝለዪው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ አልዋሽሽም።

ሌላ በር ፈለግሁ። የዓይን ሐኪሙን ቢሮ ደውዬ ዋጋ ጠየቅሁ። የእኔ ጡረታ ለዓይን ቀርቶ ለመነጽር መያዣው ገመድም አይበቃም። ወንድሜን ጠየቅሁ፤ «ለማን ነው? ለዘመድ ነው?» አለኝ። አይደለም ስለው ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመረ።

እንግዲህ የምለውን ስሚ። ተናገሪ። ለዳረን ሳይሆን ለራሷ ለትራንሲቶ ተናገሪ። ያለ እሷ ፈቃድ በስምሽ ዓይኗን እንድትገዢላት ማን ሾመሽ? ትራንሲቶን ከአንቺ በፊት አውቃታለሁ። ድሃ ናት እንጂ ሕፃን አይደለችም። «ልጅቷ ለእኔ ሌባ ትባል» የምትል ሴት አይደለችም።

ደግሞስ ያ ሰውዬ? ሥርዓቱ አልተሰበረም ያለው? የሰባ ዓመት አሮጊት ከጸሎቷ ጋር የምትጥለው ቁልፍ ሠርተው ጥፋቱ የቁልፉ አይደለም ይላሉ። ይህን በአደባባይ የሚናገር አንድ የተማረ ሰው ያስፈልጋል። ያስተማርኩሽ ለዚያ ነበር።

እኔ መጥቼ ልንገራት። አርብ ሜልቪን ጋር መሳፈር እችላለሁ፤ ጉልበቴ ገሃነም ይግባ። መልስሽ እስኪደርሰኝ አትፈርሚ። እለምንሻለሁ ብዬ ጽፌልሽ አላውቅም። እለምንሻለሁ።

የክርስትና እናትሽ


ላስ ኮንቻስ፣ ማርች 22

ለእማማ ኤርሲሊያ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በ20 ነው። በ21 ፈረምኩ። አይምጡ።

ለእትዬ ትራንሲቶ መንገር አለብሽ ያሉኝን አሰብኩበት። ትክክል ነዎት፤ ቢያውቁ እንቢ ይላሉ። የማልነግራቸው ለዚህ ነው። ትዕቢት ነው ካሉኝ ትዕቢት ነው። ለእሳቸው መምረጥ መብቴ አይደለም፤ ግን ያንን ቁልፍ እጃቸው ላይ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ፣ ያን ጊዜም ማንም አልሾመኝም።

ሲፈረም የሆነውን ለማወቅ ይፈልጋሉ። ረጅም አልነበረም። ዳረን ብርጭቆ ውኃ አመጣልኝ።

«ይሄ ለሁላችንም ፈውስ ነው» አለኝ።

«ብዕርህ አይጽፍም» አልኩት።

ሌላ ብዕር ፍለጋ ሦስት መሳቢያ ከፈተ። ይህን ሁሉ ቴክኖሎጂ ይዞ ብዕር የለውም። የጥበቃውን ተዋሰ። አንድ ነገር ለወጥኩ፦ «ተጸጽቻለሁ» የሚለውን ሰረዝኩት።

«ዙልማ፣ እባክሽ፣ ይሄ ለለጋሾቹ አስፈላጊ ነው።»

«ወሰደች ይበቃቸዋል። የምትጸጸት ሌባ ከፈለጉ ሌላ ቅጠር።»

ወረቀቱን ተቀበለ። ፎቶ አነሱኝ። ቀጥ ብዬ ካሜራውን አየሁት። ምትኩ ዛሬ ጠዋት ገብቷል፤ ስልኬንም መለሱልኝ። ዛሬውኑ ፎቶዬንና መግለጫውን በሠላሳ ስምንቱም ሻጮች መሸጫ ላይ፣ «ቢትኮይን እንቀበላለን» ከሚለው ማስታወቂያ በላይ ለጠፉ። ማስታወቂያዎቹን በዚህ እጄ ነው የለጠፍኳቸው፤ ደረጃቸውን በውኃ ልክ ነበር ያስተካከልኩት። የእነሱ ወረቀት ተጣሟል።

ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ሜልቪን ያደርሳቸዋል።

ዙልማ


ሳንታ አና፣ ኤፕሪል 30

ውድ ልጄ ዙልማ፣

ዘገየሁ። ታምሜ አልነበረም፤ እንደዚያ ብዬ ሁለት ደብዳቤ ጀምሬ ቀደድኳቸው። የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው።

ስለ ጁላዩ ሥራ ሳልነግርሽ ቆየሁ። ዳይሬክተሯ አሁን በሌላው ኮሪደር ነው የምትሄደው። አንድ ቀን ያዝኳትና «ልጅቷ አልወሰደችም» አልኳት። «እኔ እኮ አምንዎታለሁ እማማ፣ ወላጆቹ ናቸው» አለችኝ። መስኮቱ ወደ ተራራው የሚያየውን ክፍል ከሶንሶናቴ ለመጣ ወጣት ሰጥተውታል። ማካፈል ላይ እንኳ ይሳሳታል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፤ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ፈርቼ ነው አሁን የነገርኩሽ፤ ሳትሰሚው እንዳልቀረሽም አውቃለሁ።

እዚህ ነይ። አልጋ አለ። ሥራ ባይኖርም ሾርባ አለ። ማንም ፎቶሽን አላየም፤ ያየም ይረሳል።

ለትራንሲቶ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ። ሁሉንም። አልላክሁትም፤ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። እሺ ካልሽኝ ነገ እልከዋለሁ። ገንዘቡን ዓይኗ ውስጥ ገብተው አያወጡት!

ዓይኗስ እንዴት ሆነ? አየሻት? ታናግርሻለች? ይህን ሦስተኛውን በመጨረሻ የጻፍኩት በአመሌ ነው፤ ታውቂያለሽ።

ኤርሲሊያ


ላስ ኮንቻስ፣ ሜይ 19

ለእማማ ኤርሲሊያ፣

ይቅርታ አይጠይቁኝ። ስለ ክፍሉ ሰምቼ ነበር። የማካፈሉን ግን አልሰማሁም፤ ሳልወድ በግድ ሳቅኩ።

ገጹን አይላኩ። ዓይን ውስጥ ገብተው አያወጡም፣ እውነትዎን ነው። ወረቀቱ ላይ ግን አንቀጽ አለ፤ ቃሌ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ምትኩ ይመለሳል። የሚመለሰውም የእትዬ ትራንሲቶ የበረዶ ጋሪ ተሽጦ ነው። አንቀጹን ከመፈረሜ በፊት አንብቤዋለሁ።

ሳንታ አና አልመጣም። እዚህ እቀመጣለሁ። የሄድኩ ቀን ነው ሌባ የምሆነው። ልብስ እያጠብኩ፣ ለአስጋሪዎቹ ልጆች ሒሳብ እያስጠናሁ እኖራለሁ፤ ሁለት እናቶች ልከውልኛል፣ በጓሮ በር። የሚከፍሉኝም በስልክ ነው፤ ሌላ አልቀበልም ብያቸዋለሁ።

በየቀኑ ወጥቼ እገዛለሁ። ከእትዬ ትራንሲቶ በቀር ከሠላሳ ስምንቱ አንዱንም አልዘልም፤ ዛሬ እንቁላል፣ ነገ ሳሙና። ፎቶዬ ሥር ቆሜ የክፍያውን ኮድ በስልኬ አነሳለሁ፣ እከፍላለሁ። ማንም አልመለሰኝም። ገንዘቤን ይቀበላሉ፤ ሰላምታዬን አይቀበሉም። ፑፑሳ ሻጯ ብቻ አንድ ቀን «ባለጌ! ደግሞ በዚሁ ትከፍላለች!» አለች ለባሏ፣ እየሰማሁ። «በምን ልክፈልሽ? በይቅርታ?» አልኳት። አይብ ጨመረችልኝ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሜልቪን ግን እንደ ድሮው ነው። «ሌባዬ፣ ግቢ» ይለኛል ጮክ ብሎ፣ ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወንበር ያስለቅቅልኛል።

ስለ ዓይናቸው ለጠየቁኝ። እስከ ትናንት ወደ ጋሪያቸው አልሄድኩም ነበር። ትናንት ሄድኩ። ፋሻው ተነስቷል፤ ሐኪሙ የሰጣቸው ጥቁር መነጽር ግንባራቸው ላይ ነው። ከፊቴ ሦስት ሰው ነበር። ከሩቅ አዩኝ። ድሮ በድምፄ ካልሆነ አይለዩኝም ነበር፤ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ቆሜ «ማነው?» ይሉኝ ነበር። አሁን ገና ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ለይተውኛል፤ በረዶ የሚፍቀው እጃቸው ቆመ።

ተራዬ ደረሰ። «አንድ፣ በሎሚ» አልኳቸው።

ፋቁ። አፈሰሱ። ኮዱን በእጃቸው አዙረው ወደ እኔ ገፉት። ከፈልኩ። ከዚህ በፊት የገባውን ቁጥር የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አሁን ስልካቸውን አንስተው ራሳቸው አነበቡት፤ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻዋ ዜሮ። አንዴ አንብበው ፊቴን አዩ። ደግመው አነበቡ።

«ገብቷል» አሉ። «ቀጥሎ ማነው?»

በረዶው እስኪቀልጥ እዚያው ጥግ ቆሜ ጠጣሁት። አንድ የውጭ አገር ልጅ የተሳሳተ መጠን ሲልክላቸው በዓይናቸው አይተው ያዙት፤ ተከራከሩት፣ አስጨመሩት፣ ሳቁበትም። ከዚያ ቀና ሲሉ አሁንም እዚያ ነበርኩ። ጀርባቸውን አዞሩ።

ዓይናቸው በደንብ ድኗል።

ዙልማ